ንጉሡ የሳንቲም ተመራማሪ፦ ቪቶሪዮ ኤማኑኤል 3ኛ እና በስሙ የወጡት ብርቅ ሳንቲሞች

መግቢያ

የታሪክ ተመራማሪ ሳንቲምን እንደ ሰነድ ያነባል። በላይዋ የገዢው ስምና ማዕረግ፣ የወጣችበት ዘመን፣ አንዳንድ ጊዜም የተሠራችበት ቦታ ምልክት ይገኛል። ነገር ግን በሳንቲም ላይ የተቀረጸው ሁሉ በገበያና በሕዝብ ዘንድ የነበረውን እውነት አያሳይም። ከ1900 እስከ 1946 ጣሊያንን የገዛው ቪቶሪዮ ኤማኑኤል 3ኛ በዚህ ረገድ ልዩ ቦታ አለው። በአንድ በኩል ሳንቲምን በጥንቃቄ የመረመረ አጥኚ ነበር፤ በሌላ በኩል በፋሺስት ወረራ የተገኘውን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥትነት ማዕረግ ተቀብሎ በገዛ ሳንቲሙ ላይ ያስቀረጸ ገዢ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የንጉሡን የሕይወት ታሪክ በሳንቲም ሥራው በኩል መመልከትና እርሱ ራሱ ይሠራበት የነበረው የምርመራ ስልት በስሙ በወጡት ሳንቲሞች ላይ ሲውል ምን እንደሚያሳይ መግለጽ ነው። ተለይተው ካልተገለጹ በቀር ዘመናቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከአንዲት የመዳብ ሳንቲም እስከ 20 ጥራዝ

ቪቶሪዮ ኤማኑኤል ኖቬምበር 11 ቀን 1869 በኔፕልስ ከተማ ከአባቱ ከኡምቤርቶ 1ኛ እና ከእናቱ ከማርጌሪታ ተወለደ። የስብስቡ መነሻ በልጅነቱ ያገኛት አንዲት የሮማው ጳጳስ የፒዮስ 9ኛ የመዳብ ሳንቲም እንደነበረች ይነገራል። ልዑሉ ዝምተኛና ከሰው ገለል ማለት የሚወድ ስለነበር፣ ሳንቲም መለየትና መመዝገብ ከጊዜ ማሳለፊያነት አልፎ የዕድሜ ልክ ሥራው ሆነ። ከዐድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1897፣ የክብር ፕሬዚዳንት ለነበረበት የጣሊያን የሳንቲም ጥናት ማኅበር አንድ ሰፊ ዕቅድ አስታወቀ። ዕቅዱ ከመካከለኛው ዘመን ወዲህ በጣሊያን ምድር፣ እንዲሁም በሌሎች አገሮች በጣሊያኖች እጅ የተሠሩትን ሳንቲሞች በአንድ አጠቃላይ ዝርዝር መመዝገብ ነበር።

አባቱ ጁላይ 29 ቀን 1900 በሞንዛ ከተማ በተገደለ ጊዜ ዘውዱን ወረሰ፤ የምዝገባ ሥራውን ግን አላቋረጠም። ኮርፑስ ኑሞሩም ኢታሊኮሩም የተሰኘው መጽሐፍ የመጀመሪያ ጥራዝ በ1910 ታተመ፤ እስከ 1943 ድረስ 20 ጥራዞች ወጡ። መጽሐፉ በንዑስ ርእሱ ራሱን የአጠቃላይ ዝርዝር የመጀመሪያ ሙከራ ብሎ ጠርቷል። አደረጃጀቱ በየክፍለ ሀገሩ፣ በየማተሚያ ቦታውና በየገዢው የተከፋፈለ ነው። የእያንዳንዷ ሳንቲም ማዕድን፣ ክብደት፣ በሁለቱም ገጾች ላይ ያለው ሥዕልና ጽሑፍ፣ የፊደልና የነጥብ ልዩነት እንኳ ሳይቀር ተመዝግቧል። የሲሲሊ ክፍል ሳይታተም ቀርቷል።

የብርቅነት ሁለት መልኮች

ሳንቲሞች ብርቅ የሚሆኑት በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። አንዳንዶቹ በብዛት ወጥተው ሲቀልጡና ሲጠፉ ይመናመናሉ፤ ሌሎቹ ከመነሻው በጥቂት ቁጥር ይሠራሉ። በቪቶሪዮ ኤማኑኤል 3ኛ ዘመን ከወጡት ብርቅ ሳንቲሞች ብዙዎቹ የሁለተኛው ወገን ናቸው። በ1901 የወጣው ባለ 5 ሊሬ የብር ሳንቲም 114 ብቻ ነበር። በ1902 ከወጡት ባለ 20 ሊሬ የወርቅ ሳንቲሞች መካከል ትንሽ የመልሕቅ ምልክት ያለባቸው 115 ሲሆኑ፣ መልሕቁ ወርቁ ከኤርትራ ቅኝ ግዛት መምጣቱን ያመለክታል። ይህች ሳንቲም የብርቅነቷን ያህል የቅኝ ግዛት ታሪክ ምስክርም ናት።

ሜይ 9 ቀን 1936 የፋሺስት መንግሥት ንጉሡን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ አወጀ። በዚያው ዓመት ቀራፂው ጁሴፔ ሮማኞሊ የነደፋቸው አዳዲስ ሳንቲሞች ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት የሚል ማዕረግ ይዘው ወጡ። ከእነዚህ መካከል ባለ 20 ሊሬው የብር ሳንቲም በ1936 በ10,000 ቁጥር ተሠራ። በ1937 ግን 50 ብቻ፣ ከ1938 እስከ 1941 ደግሞ በየዓመቱ 20 ብቻ ለሰብሳቢዎች ተሠሩ። እነዚህ የኋለኞቹ ሳንቲሞች በመልካቸው ገንዘብ ቢሆኑም በአገልግሎታቸው ግን የገበያ ገንዘብ አልነበሩም። በሕዝብ እጅ በብዛት የገባው ማዕረጉን የያዘው የጦርነቱ ዘመን የብረት ሳንቲም ነው።

ጠገራው በሮማ

ኢትዮጵያ ውስጥ ለብዙ ዘመን የታመነው ገንዘብ የኦስትሪያዊቷ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከ1894 ጀምሮ የራሳቸውን ብር በፓሪስ ቢያሠሩም ጠገራው ከገበያ አልወጣም። ጣሊያኖችም ኤርትራ ውስጥ ይህንኑ ሞክረዋል። በኡምቤርቶ 1ኛ ዘመን የንጉሡን ምስል የያዘ ታለሮ አወጡ። በ1918 ደግሞ ከማሪያ ቴሬዛ ምስል ጋር የምትመሳሰል፣ ጣሊያንን የምትወክል ሴት የተቀረጸችበት ሌላ ታለሮ አሠሩ። ሁለቱም ጠገራውን ሊተኩ አልቻሉም።

በ1935 ወረራው ሲዘጋጅ የጣሊያን መንግሥት የጠገራውን የማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮማ ውስጥ ራሱን ጠገራውን ማሠራት ጀመረ። ስለዚህ የንጉሡ ማተሚያ ቤት ለምሥራቅ አፍሪካ በብዛት ያዘጋጀው የብር ገንዘብ በ1780 የሞተች ንግሥት ስምና ምስል የያዘ ነበር። ከወረራው በኋላ ሊሬ በአዋጅ ቢጫንም ሕዝቡ በወረቀት ሊሬ ላይ እምነት አላደረገም፤ ጠገራውን መያዝ መረጠ። የትም ይሠራ የት በጠገራው ላይ የሚገኘው ዘመን 1780 በመሆኑ፣ ሮማ የተሠራውን ከቪየናው ወይም ከለንደኑ ለመለየት የንስሩን ጅራት ላባና በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ መመርመር ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ንጉሡ በ20 ጥራዝ የተጠቀመበት ስልት ነው።

የማዕረጉ መጨረሻና የስብስቡ ዕጣ

ንጉሡ በ1922 የፋሺስቶችን ጉዞ ወደ ሮማ ለመግታት የቀረበለትን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሳይፈርም ቀርቷል፤ በ1938 ደግሞ በአይሁዶች ላይ የወጡትን የዘር ሕጎች ፈርሟል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈጸመው ጭፍጨፋም የሆነው እርሱ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ በሚጠራበት ወቅት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሜይ 5 ቀን 1941 አዲስ አበባ ሲገቡ ማዕረጉ ባዶ ስም ሆነ፤ ሆኖም እስከ 1943 ድረስ በጣሊያን ሳንቲሞች ላይ መውጣቱ አልቆመም። ንጉሡም በይፋ የተወው በዚያው በ1943 ነው።

ሜይ 9 ቀን 1946፣ ማዕረጉ በታወጀ ልክ በ10ኛ ዓመቱ፣ ዘውዱን ለልጁ ለኡምቤርቶ 2ኛ ለቅቆ ወደ ግብፅ ሄደ። ከ100,000 በላይ ሳንቲሞች የያዘውን ስብስብ ለጣሊያን ሕዝብ ሰጠ፤ ስብስቡ ዛሬ በሮማ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ዲሴምበር 28 ቀን 1947 በእስክንድርያ ሞተ። በስደቱ ያስተናገደው የግብፁ ንጉሥ ፋሩክም ታላቅ የሳንቲም ሰብሳቢ ነበር፤ የፋሩክ ስብስብ ግን ከሥልጣን ከወረደ በኋላ በ1954 ካይሮ ውስጥ በጨረታ ተሸጦ ተበታተነ። የቪቶሪዮ ኤማኑኤል ስብስብ ለጥናት የበለጠ የጠቀመው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን፣ በአንድነት ተጠብቆ ከተመዘገበ ዝርዝር ጋር በመተላለፉ ነው።

ማጠቃለያ

የቪቶሪዮ ኤማኑኤል 3ኛ ምሁራዊ ሥራና ፖለቲካዊ ተግባር በአንድ ሰው የተገናኙ ቢሆኑም አንዱ ሌላውን አይሸፍንም። ኮርፑሱ እስካሁን የሚያገለግል መሣሪያ ነው፤ ይኸው መሣሪያ ግን የባለቤቱንም ሳንቲሞች ለመመርመር ያስችላል። ባለ 20 ሊሬዋ ሳንቲም በ20 ቁጥር ተሠርታ ማዕረጉን ስታውጅ፣ በኢትዮጵያ ገበያ የሚታመነው የሌላ አገር ንግሥት ምስል ያለበት ጠገራ ነበር። እንግዲህ ዘመናዊ ብርቅ ሳንቲሞችን የሚያጠና ሰው የተሠሩበትን ቁጥር ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ ማን እንዳሠራቸው፣ የት እንደተሠሩና በማን እጅ እንደዋሉ መጠየቅ አለበት። ሳንቲሟ ሰነድ የምትሆነው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲገኝ ነው።