ስሙን ለቆርኬ ያወረሰው መሐንዲስ

ወደ አርባ ምንጭ የሄደ ተጓዥ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች፣ በመካከላቸው የተጋደመውን የእግዜር ድልድይና ከዚያ ወዲያ የተዘረጋውን የነጭ ሳር ሜዳ ለማየት ይጓጓል። በሜዳው ላይ የሜዳ አህያ በመንጋ ሲግጥ፣ በጫሞ ዳርቻ ደግሞ አዞ ፀሐይ ሲሞቅ ይታያል። ይሁን እንጂ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ይህ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲቋቋም ከሁሉ በላይ የታሰበለት እንስሳ ሌላ ነበር፤ እርሱም በሳይንስ ዓለም የስዌይን ቆርኬ እየተባለ የሚጠራው ነው። ስሙን ያወረሰው ሰው በሙያው መሐንዲስ ስለ ነበረ፣ የሕይወቱን ታሪክ ለማኅበራችን አባላት ማቅረብ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

ሃራልድ ጆርጅ ካርሎስ ስዌይን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1860 ነው። በእንግሊዝ ንጉሣዊ የመሐንዲሶች ጦር ውስጥ በመኮንንነት ያገለገለ ሲሆን ዋና ተግባሩ ቅየሳ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1885 እስከ 1893 ባሉት ዓመታት ወደ ሶማሌ ምድር 17 ጊዜ ተጉዟል፤ በአንዳንዶቹም ጉዞዎች ወንድሙ ኤሪክ አብሮት ነበር። ግመል እየጫነ፣ የውሃ ጉድጓዱን፣ የንግድ መንገዱንና የተራራውን አቀማመጥ እየለካ በካርታ ላይ አሰፈረ። በዚያ ዘመን ካርታ ግዛት ለማስፋፋት የሚያገለግል መሣሪያ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። ስዌይንም የተላከው ለመንግሥቱ ጥቅም ነበር።

ከቅየሳ መሣሪያው ጋር ግን ጠመንጃም ይዞ ይጓዝ ነበር። አዳኝ ብቻ ሳይሆን ያየውን በጥንቃቄ የሚመዘግብ ሰው ነበረ። በሰፊዎቹ የሣር ሜዳዎች ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ቆርኬዎች በአንድነት ሲግጡ አየ። እ.ኤ.አ. በ1892 እንግሊዛዊው የእንስሳት ሊቅ ፊሊፕ ስክሌተር ይህን ቆርኬ ለሳይንስ አዲስ መሆኑን ገልጾ በስዌይን ስም ሰየመው። ስዌይንም እ.ኤ.አ. በ1895 የ17ቱን ጉዞዎች ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመ።

ከዚያ በኋላ የሆነው አሳዛኝ ነው። ደስታ የተባለው የከብት በሽታ አገር ለአገር ተዛምቶ ከከብቱ ጋር የዱር እንስሳውንም ፈጀ። ጠመንጃም እየበዛ ሄደ። ስዌይን እ.ኤ.አ. በ1940 ሲሞት፣ በወጣትነቱ ያየው ያ ሁሉ መንጋ ከሶማሌ ሜዳዎች ጠፍቶ ነበር። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እንስሳው ተገኘ፣ ስም ወጣለት፣ ከተገኘበትም ምድር ጠፋ። ዛሬ የስዌይን ቆርኬ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም።

በአገራችንም ቢሆን ዕጣው ቀላል አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከሰንቀሌ ተይዘው በመኪና ተጭነው ወደ ነጭ ሳር የመጡት ቆርኬዎች እንደ ታሰበው አልበዙም። የሣሩ ሜዳ በቁጥቋጦ እየተወረረ፣ ከብትም እየተሰማራበት ሄደ። ከብቱን የሚያሰማራው ሕዝብ ሌላ መተዳደሪያ ስለሌለው ጉዳዩ በክልከላ ብቻ የሚፈታ አይደለም። ቁጥራቸውም ከዓመት ወደ ዓመት እየመነመነ በጣት የሚቆጠሩ ብቻ እስኪቀሩ ድረስ ወረደ። እንስሳውን በብዛት ማየት የሚሻ ጎብኚ ዛሬ ወደ ሰንቀሌ፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ2005 በጋሞና በጎፋ ምድር ወደ ተቋቋመው የማዜ ብሔራዊ ፓርክ መሄድ ይኖርበታል።

ከዚህ ሰው ሕይወት እኛ መሐንዲሶች የምንማረው አለ። ስዌይን ርቀቱን ለካ፣ ውሃውን መዘገበ፣ እንስሳውንም አየ። ነገር ግን ካርታው ለመንገደኛና ለወታደር እንጂ በሜዳው ላይ ለሚኖረው ፍጥረት አልተሠራም። በስም መጠራትም ቆርኬውን ከመጥፋት አላዳነውም። እኛም መንገድ ስንቀይስ፣ ቦይ ስንቀድ ወይም ግድብ ስንነድፍ የአፈሩንና የውሃውን ጠባይ እንመረምራለን። እንስሳው ከየት ወደ የት ይሻገራል፣ እረኛውስ ከብቱን ወዴት ይነዳል ብለን መጠየቅ ግን የሥራችን ክፍል ሆኖ አልተቈጠረም። ጥያቄው መነሣት ያለበት ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ነው፤ ሜዳው ባዶ ከሆነ በኋላ የሚቀርብ ጥናት የጠፋውን አይመልስምና።