ሴሊያ ክሩዝ

ሴሊያ ክሩዝ (ኦክቶበር 21 ቀን 1925 – ጁላይ 16 ቀን 2003 እ.ኤ.አ.) በኩባ የተወለደች፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በእስፓንኛ የዘፈነችና «የሳልሳ ንግሥት» በሚል ስም የምትታወቅ ድምፃዊት ነበረች። በ1960 ለሥራ ከኩባ ከወጣች በኋላ መንግሥት እንዳትመለስ ስለከለከላት ቀሪ ዘመኗን በስደት አሳለፈች። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ሕይወት

ሴሊያ የተወለደችው በኩባ ዋና ከተማ በሀቫና፣ ሳንቶስ ሱዋሬስ በሚባል ሰፈር ነው። አባቷ ሲሞን ክሩዝ በባቡር ሞተር ላይ እሳት የሚያነድ ሠራተኛ ሲሆን እናቷ ካታሊና አልፎንሶ ትባል ነበር። ቤቱ በወንድም፣ በእህትና በዘመድ ልጆች የተሞላ ስለነበር ማታ ማታ ትንንሾቹን ማስተኛት የሴሊያ ድርሻ ሆነ። እርሷ እንዲተኙ ስታንጎራጉርላቸው ልጆቹ ነቅተው ያዳምጧት፣ ጎረቤቶችም በር ላይ ቆመው ይሰሟት ነበር።

አባቷ ዘፋኝነት ለጨዋ ሴት ልጅ አይገባም ብሎ ያምን ስለነበር አስተማሪ እንድትሆን ፈለገ። እርሷም መምህራን ማሠልጠኛ ገባች። በ1940ዎቹ ግን አንድ የአክስቷ ልጅ በሬዲዮ የዘፈን ውድድር አስመዘገባት። ሴሊያ «ኖስታልጂያስ» የተባለውን ታንጎ ዘፍና አሸነፈች፤ ሽልማቷም ኬክ ነበር። ከዚያ በኋላ በየሬዲዮ ጣቢያው መወዳደር ቀጠለች። አንዲት መምህርቷም አስተማሪ በወር የሚያገኘውን ገንዘብ ዘፋኝ በአንድ ቀን እንደምታገኝ ነግራ ወደ ሙዚቃው እንድትሄድ መከረቻት። ሴሊያ በሀቫና ብሔራዊ የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ ተምራለች፤ በ1948ም «ላስ ሙላታስ ደ ፉዌጎ» ከተባለ የዳንስ ቡድን ጋር ወደ ሜክሲኮና ቬኔዙዌላ ተጉዛለች።

ከሶኖራ ማታንሴራ ጋር

በ1950 በኩባ እጅግ ከታወቁት ባንዶች አንዱ የሆነው ሶኖራ ማታንሴራ ድምፃዊቱን ሚርታ ሲልቫን በሴሊያ ተካ። ሚርታ ፖርቶሪካዊት ስትሆን በአድማጩ ዘንድ በጣም የተወደደች ነበረች። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዲሷን ዘፋኝ የሚቃወሙ ደብዳቤዎች ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ጎረፉ። የሸክላ አሳታሚው ኩባንያም ሴት የምትዘፍነው ሩምባ አይሸጥም የሚል ሥጋት ነበረው። የባንዱ መሪ ሮኼልዮ ማርቲኔስ ግን ሥራው ባይሸጥ ከኪሱ እንደሚከፍል ቃል ገብቶ ሸክላው እንዲቀረጽ አደረገ። ሸክላው ተሸጠ፤ የተቃውሞ ደብዳቤዎቹም ቀሩ።

ሴሊያ ከዚህ ባንድ ጋር አሥራ አምስት ዓመት ሠርታለች። የመንገድ ሻጮችን ጥሪ ወደ ዘፈን የቀየረች ከመሆኗም በላይ፣ ካቶሊክ ብትሆንም በባርነት ወደ ኩባ ከተወሰዱ አፍሪካውያን የወረደውን የዮሩባ ዝማሬ በሸክላ አስቀርጻለች። በ1957 «ቡሩንዳንጋ» ለተባለው ዘፈኗ የወርቅ ሸክላ ለመቀበል ኒው ዮርክ ሄደች።

ስደት

በ1959 የፊደል ካስትሮ አብዮት ድል አድርጎ ሥልጣን ያዘ። አዲሱ መንግሥት የምሽት ክበቦችን፣ ሬዲዮ ጣቢያዎችንና የሸክላ ኩባንያዎችን በቁጥጥሩ ሥር ማድረግ ጀመረ። ጁላይ 15 ቀን 1960 ሶኖራ ማታንሴራ ለሥራ ውል ወደ ሜክሲኮ በረረ። ባንዱ ውሉን ከጨረሰ በኋላ ሳይመለስ ስለቀረ መንግሥቱ ተቆጣ፤ ሙዚቀኞቹም ዳግም ወደ ኩባ እንዳይገቡ ተከለከሉ።

የዚህ ክልከላ ክብደት በ1962 ታየ። በካንሰር ትሠቃይ የነበረችው እናቷ አረፈች። ሴሊያ በወቅቱ ኒው ዮርክ ውስጥ በሥራ ላይ ነበረች። ለቀብር ለመግባት ብትጠይቅም አልተፈቀደላትም። እናቷን ሳትቀብር መቅረቷን እስከ ዕለተ ሞቷ አልረሳችውም፤ ለካስትሮ መንግሥት የነበራት ጽኑ ተቃውሞም ከዚህ ሐዘን ጋር የተያያዘ ነበር። በኩባ በኩል ደግሞ ዘፈኖቿ ለአሥርተ ዓመታት ከመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ታገዱ።

በዚያው ዓመት ጁላይ 14 ቀን የባንዱን ትራምፔት ተጫዋች ፔድሮ ናይትን አገባች። ፔድሮ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትራምፔቱን አስቀምጦ የእርሷ ሥራ አስኪያጅና የሙዚቃ መሪ ሆነ። ትዳራቸውም እስከ ሞቷ ድረስ ጸና።

ኒው ዮርክና ሳልሳ

ሴሊያ በ1965 ከሶኖራ ማታንሴራ ወጥታ ከቲምባል ተጫዋቹ ከቲቶ ፑዌንቴ ጋር መሥራት ጀመረች። ሁለቱ በርካታ አልበሞች ቢያወጡም ገበያው ቀዝቃዛ ነበር። በአሜሪካ የሚኖሩ የላቲን ቤተሰቦች ልጆች ወደ ሮክ ሙዚቃ አዘንብለው ነበርና የኩባ ዘፈን ለብዙዎቹ የወላጆቻቸው ሙዚቃ መስሎ ይታያቸው ነበር።

ለውጡ የመጣው በ1970ዎቹ ነው። በኒው ዮርክ የሚኖሩ ፖርቶሪካውያን፣ ዶሚኒካውያንና ሌሎች ሙዚቀኞች የኩባን ሶን ከፖርቶ ሪኮ ምትና ከጃዝ ጋር አዋህደው ሳልሳ የተባለውን ሙዚቃ አስፋፉ። ፋኒያ የተባለው አሳታሚ የዚህ እንቅስቃሴ ማዕከል ነበር። በ1973 ፒያኒስቱ ላሪ ሃርሎው «ሆሚ» በተሰኘው ሥራው ውስጥ በካርኔጊ አዳራሽ እንድትዘፍን ሲጋብዛት፣ ወጣቱ ትውልድ ሴሊያን እንደ አዲስ አወቃት። በ1974 ከፍሉት ተጫዋቹ ከጆኒ ፓቼኮ ጋር ያወጣችው «ሴሊያና ጆኒ» የተባለ አልበም ትልቅ ስኬት አገኘ። በውስጡ ያለው «ኪምባራ» እስከ ዛሬ የሳልሳ ጭፈራ ባለበት ሁሉ ይሰማል።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወር ከፋኒያ ኦል ስታርስ ጋር ወደ ኪንሻሳ ተጓዘች። ከመሐመድ አሊና ከጆርጅ ፎርማን የቦክስ ግጥሚያ ጋር ተያይዞ በተዘጋጀው የሦስት ቀን ዝግጅት ላይ ጄምስ ብራውን፣ ቢ ቢ ኪንግና ሚርያም ማኬባም ተገኝተው ነበር። የኮንጎ ሕዝብ የኩባን ሸክላዎች ለአሥርተ ዓመታት ሲያዳምጥና የራሱን ሩምባ በእነርሱ ላይ ሲገነባ ስለኖረ፣ ሙዚቃዋ ለኪንሻሳ ታዳሚ እንግዳ አልነበረም።

በመድረክ ላይ

ሴሊያ ወፍራምና ኃይለኛ ድምፅ ነበራት፤ በዘፈኑ መካከል ግጥም እዚያው እየፈጠረች በመጨመርም ትታወቅ ነበር። የሚያብረቀርቅ ረጅም ቀሚስ፣ ባለ ብዙ ቀለም ዊግና ከኋላ ተረከዝ የሌለው ከፍ ያለ ጫማ መለያዋ ሆኑ። በእስፓንኛ ስኳር ማለት የሆነው «አሱካር» ደግሞ የመድረክ ጩኸቷ ነበር። ራሷ ትናገር እንደነበረው፣ ነገሩ የጀመረው ማያሚ ውስጥ አንድ አስተናጋጅ ቡናዋን በስኳር ትፈልግ እንደሆነ ሲጠይቃት ነው። ኩባዊት ሆና እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቋ አስቋት ታሪኩን በመድረክ ላይ አወራችው፤ ታዳሚውም ስለወደደው በየጊዜው ያስደግማት ጀመር። በኋላ ዘመን ብዙዎች ቃሉን በኩባ የሸንኮራ እርሻዎች በባርነት ከደከሙት አፍሪካውያን ጋር ያያይዙት ነበር።

የመጨረሻ ዓመታትና ሞት

በ1989 ከዬል ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት፣ በ1990 ከሬይ ባሬቶ ጋር በሠራችው አልበም የግራሚ ሽልማት፣ በ1994 ደግሞ ከፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን እጅ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሜዳሊያ ተቀበለች። ዕድሜዋ ሰባ ካለፈ በኋላም «ላ ቪዳ ኤስ ኡን ካርናቫል» (1998) እና «ላ ኔግራ ቲዬኔ ቱምባዎ» (2001) በተባሉት ሥራዎቿ አዳዲስ አድማጮችን አፍርታለች።

በ1990 በኩባ ምድር በሚገኘው በጓንታናሞ የአሜሪካ የጦር ሰፈር እንድትዘፍን ተጋብዛ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ የትውልድ አገሯን አፈር የረገጠችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከአጥሩ ሥር ጥቂት አፈር ዘግና ይዛ ተመለሰች፤ ስትሞትም አብሯት እንዲቀበር አዘዘች።

ሴሊያ ከአገሯ ከወጣች ልክ 43 ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ፣ ጁላይ 16 ቀን 2003 በኒው ጀርሲ ፎርት ሊ በአንጎል ካንሰር አረፈች። ዕድሜዋም 77 ነበር። አስከሬኗ በመጀመሪያ ወደ ማያሚ ተወስዶ በ1960ዎቹ የኩባ ስደተኞች ይመዘገቡበት በነበረው የነጻነት ግንብ በተባለ ሕንፃ ለሕዝብ ስንብት ተቀመጠ። ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ተመልሶ በብሮንክስ ዉድሎን መካነ መቃብር ተቀበረ። ከጓንታናሞ ያመጣችው አፈርም በሣጥኑ ውስጥ አብሯት ገባ። በኩባ የመንግሥት ጋዜጣ ሞቷን በአጭር ዜና ሲዘግብ ታላቅ ድምፃዊት መሆኗን አምኖ የአብዮቱ ጠላት መሆኗንም ሳይጠቅስ አላለፈም። ባለቤቷ ፔድሮ ናይት በ2007 ሲሞት ከአጠገቧ ተቀበረ።

መታሰቢያ

ከልብሶቿና ከጫማዎቿ የተወሰኑት በዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጠዋል። በ2011 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ምስሏን በቴምብር ላይ አትሟል። በ2024 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ታዋቂ ሴቶችን ለማሰብ ባወጣው የሃያ አምስት ሳንቲም ላይ ምስሏ ከመድረክ ጩኸቷ ጋር ተቀርጿል።