አዳኙ ጂም ኮርቤት

በአማርኛ ቋንቋ አዳኝ የሚለው ቃል በጽሑፍ አንድ መልክ ይዞ ሁለት ትርጉም ይሰጣል። አንደኛው አውሬን ተከታትሎ የሚገድል ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሞት የሚያድን ማለት ነው። አንድ ሰው በአንድ የዕድሜ ዘመን ሁለቱንም ሆኖ መገኘቱ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ከዚህ ቀጥሎ የሕይወት ታሪኩ የሚተረከው ጂም ኮርቤት ግን በመጀመሪያው ትርጉም አዳኝ ሆኖ አድጎ፣ በሁለተኛው ትርጉም አዳኝ ሆኖ ያለፈ ሰው ነው። በምንባቡ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኮርቤት ታሪክ ከታይገር ታሪክ ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ ስለዚህ እንስሳ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ታይገር በእስያ እንጂ በአፍሪካ የማይገኝ፣ ከድመት ወገን ከሆኑት አራዊት ሁሉ በግዙፍነቱ የታወቀ አውሬ ነው። በአገራችን ነብር የምንለው እንስሳ ገላው በጥቋቁር ነጠብጣብ የተዋበ ሲሆን፣ ታይገር ግን በብርቱካንማ መደብ ላይ ጥቁር ሸንተረር የተሰመረበት ነው። ነብር በአፍሪካም በሕንድም ይኖራል። ስለዚህ በኮርቤት ታሪክ ውስጥ ሁለቱም አራዊት ይገኛሉ።

ጂም ኮርቤት እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1875 በሰሜን ሕንድ፣ በሂማሊያ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው በናይኒ ታል ከተማ ተወለደ። ሕንድ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። አባቱ የከተማይቱ የፖስታ ቤት ሹም ነበር። ጂም ገና በለጋ ዕድሜው ሳለ አባቱ ስለ ሞተ፣ ብዙ ልጆች የነበሩበትን ቤተሰብ የማሳደጉ ሸክም በእናቱ ላይ ወደቀ። ቤተሰቡ በጋውን በናይኒ ታል፣ ብርድ በሚበረታበት ወራት ደግሞ በቆላው በኩል ካላዱንጊ በምትባል መንደር ያሳልፍ ነበር። የካላዱንጊ ዙሪያ በደን የተከበበ ነበርና ሕፃኑ ከትምህርት ቤት ሲለቀቅ ውሎው ሁሉ በዱር ውስጥ ሆነ። በመጀመሪያ ወንጭፍ፣ ቀጥሎ ቀስት፣ ከዚያም አሮጌ ጠመንጃ ይዞ በጫካ እየተዘዋወረ፣ የአራዊትን ዱካ ማንበብና ድምፃቸውን መለየት ተማረ። አጋዘን ሲደነግጥ የሚያሰማው ጩኸት፣ የወፎች በድንገት ዝም ማለት፣ የተረገጠ ሣር ቀና የሚልበት ፍጥነት፣ እነዚህ ሁሉ ለእርሱ እንደ ፊደል ነበሩ። በዚህ ዐይነት ያገኘው ዕውቀት ኋላ የብዙ ሰዎችን ሕይወት ለማትረፍ በቃ።

ኮርቤት ገና በወጣትነቱ ትምህርቱን አቋርጦ በምድር ባቡር ድርጅት ተቀጠረ። የመጀመሪያ ሥራው ለባቡር ሞተር ማገዶ የሚሆን እንጨት ማስቆረጥ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ሳለ ዛፎች በተቆረጡ ቁጥር ብዙ እንስሳት ያለ መጠለያ ሲቀሩ በዐይኑ ተመለከተ። እናቶቻቸው የሸሹባቸውን የቆቅ ጫጩቶች፣ የጥንቸልና የሚዳቋ ግልገሎች እየሰበሰበ በድንኳኑ ውስጥ ያሳድግ ነበር። አንድ ዘንዶም በድንኳኑ ጥግ ተጠምጥሞ ይኖር ነበር። ደኑን የሚያስቆርጠውም፣ ደን አልባ የሆኑትን እንስሳት የሚሰበስበውም ያው አንድ ወጣት መሆኑ፣ ወደ ፊት በሕይወቱ ለሚታየው ትግል መነሻ ሊባል ይችላል። ከዚህ በኋላ ሞካሜ ጋት በተባለ የጋንጀስ ወንዝ ወደብ ዕቃ የማሻገሩን ሥራ በኮንትራት ይዞ ከ20 ዓመት በላይ ሠራ።

ኮርቤትን ታዋቂ ያደረገው ግን የባቡር ሥራው አልነበረም። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ በኩማኦን አውራጃ አንዲት ሴት ታይገር ሕዝቡን አስጨንቃ ይዛው ነበር። ይህች አውሬ በመጀመሪያ በኔፓል 200 ያህል ሰዎች ገድላ ተባርራ ወደ ሕንድ ተሻገረች፤ በሕንድም ቻምፓዋት በተባለው አካባቢ 236 ሰዎች ፈጀች። በእርሷ ምክንያት የሞቱት ሰዎች ቁጥር በጠቅላላው 436 መድረሱ ተመዝግቧል። ኮርቤት በ1907 አውሬይቱን ለመግደል ሲጠየቅ ሁለት ነገሮች አስቀድመው እንዲፈጸሙለት ጠየቀ። አንደኛው መንግሥት ለገዳይዋ እከፍላለሁ ያለው ሽልማት እንዲሰረዝ፣ ሁለተኛው ሌሎች አዳኞች ከአካባቢው እንዲወጡ ነበር። ሕይወትን ለማትረፍ እንጂ ለገንዘብ ሲል የሚያድን ሰው ተብሎ መጠራት አልፈለገም።

ወደ ሥፍራው ሲደርስ በአንዲት መንደር ሕዝቡ ለአምስት ቀናት በሩን ዘግቶ ተቀምጦ አገኘ። ሰብሉ በማሳ ላይ ደርሶ ሳለ የሚያጭደው አልነበረም፤ ውኃ ለመቅዳት እንኳ የሚደፍር ጠፍቶ ነበር። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ አውሬይቱ ማገዶ ከሚለቅሙ ጓደኞቿ መካከል አንዲት ልጃገረድ ነጥቃ ወሰደች። ኮርቤት የደሙን ዱካ ተከትሎ ገደል ውስጥ ከገባ በኋላ፣ በማግሥቱ 298 የሚሆኑ የአገሩ ሰዎች ተሰብስበው በተራራው ላይ በጩኸትና በከበሮ አውሬይቱን ወደ እርሱ ነዱለት። የያዘው ጥይት ስላለቀ በመጨረሻ የገደላት ከአካባቢው ሹም በተቀበለው ጠመንጃ ነበር።

ሕዝቡ በደስታ ሲጨፍር፣ ኮርቤት ግን የሞተችውን አውሬ አፍ ከፍቶ መረመረ። በቀኝ በኩል የነበሩት የላይኛውና የታችኛው ክራንቻዎቿ ተሰብረው ነበር። ጥርሶቿን የሰበራቸው ከብዙ ጊዜ በፊት አንድ ሰው የተኮሰባት ጥይት ነው። በዚህ ጉዳት የተነሣ እንደ ልማዷ አጋዘንና የዱር አሳማ ይዛ መብላት ስላልቻለች፣ ለመያዝ ወደሚቀለው ወደ ሰው ልጅ ዞረች። ስለዚህ 436 ሰዎች ለሞቱበት መዓት የመጀመሪያው መነሻ አንድ ያልተሳካ ተኩስ መሆኑን ኮርቤት ተገነዘበ።

ከዚያ በኋላም የገደላቸውን ሰው በላ አራዊት ሁሉ እንደዚሁ ይመረምር ነበር። አንዲቱ ታይገር ከጃርት ጋር ስትታገል አንድ ዐይኗ ጠፍቶ፣ ብዙ የጃርት እሾህ በፊት እግሯ ውስጥ ተሰክቶባት ተገኘች። ወደ ቅዱሳን ሥፍራዎች በሚወስደው መንገድ ላይ በሩድራፕራያግ አካባቢ ከ1918 እስከ 1926 ድረስ 125 ሰዎችን የገደለውን ነብርም ኮርቤት ከብዙ ሌሊቶች ጥበቃ በኋላ ገደለው። የዚህ ነብር ልማድ የመጣበትን ምክንያት ሲያስረዳ፣ በ1918 በተነሣው ታላቅ የኅዳር በሽታ ዘመን የሞቱት ሰዎች ከመብዛታቸው የተነሣ ሬሳዎች በወጉ ሳይቃጠሉ ወደ ገደል መጣላቸውንና ነብሮችም የሰው ሥጋ መልመዳቸውን ገልጿል። ከነዚህ ምርመራዎች የደረሰበት መደምደሚያ ታይገር በተፈጥሮው የሰው ጠላት አይደለም የሚል ነበር። ቁስል፣ እርጅና ወይም ረሀብ ካላስገደደው በቀር ታይገር ሰው ሲያይ ዘወር ብሎ ያልፋል።

ይሁን እንጂ ኮርቤት ከአዳኝነት ወደ ጠባቂነት የተሻገረው በአንድ ቀን አይደለም። በ1930 ማንንም ሰው ያልነካ፣ በግዙፍነቱ ብቻ ዝና ያገኘ አንድ ታይገር ገድሏል። ብዙ አዳኞች ሲመኙት የኖሩትን አውሬ ለመጣል የነበረው ምኞት እርሱንም አሸንፎት ነበር። ይህን ታሪክ ራሱ ጽፎ ያቆየው ስለ ሆነ ሊሸፈን አይገባም። ሰው ዕውቀት ካገኘ በኋላም የቆየ ልማዱን ለመተው ጊዜ እንደሚፈጅበት ያስተምራልና።

በዚያው ዘመን ኮርቤት በደን ሥራ መሥሪያ ቤት ያገለግል ከነበረው ከፍሬድሪክ ቻምፒየን ጋር ወዳጅነት መሠረተ። ቻምፒየን አራዊትን በጠመንጃ ሳይሆን በፎቶግራፍ ማንሻ የሚያድን ሰው ነበር። ኮርቤትም የእርሱን አርአያ ተከትሎ ተንቀሳቃሽ ፊልም ማንሻ ገዛ። ነገር ግን ሥራው ከጠመንጃው ይልቅ አስቸጋሪ ሆኖ አገኘው። ለመተኮስ አንዲት ቅጽበት ስትበቃ፣ ፊልም ለማንሳት ግን አውሬው ሳይደናገጥ ለረጅም ጊዜ በቅርብ መቆየት አለበት። የመሣሪያው ድምፅ ደግሞ ታይገሮቹን ያስበረግጋቸው ነበር። አሥር ዓመት ያህል ከደከመ በኋላ በ1938 አንድ ብልሃት አገኘ። በአንድ ጅረት ላይ ትንንሽ ግድቦች ሠርቶ ውኃው እየተንዶለዶለ እንዲወርድ አደረገ። የፏፏቴው ድምፅ የመሣሪያውን ድምፅ ስለ ዋጠው፣ በብዙ ወራት ትዕግሥት በርካታ ታይገሮችን በቀን ብርሃን በፊልም ለማንሳት ቻለ።

ኮርቤት በዚህ ጊዜ ሁሉ የሚያስጨንቀው ሐሳብ አንድ ነበር። ደኑ ለእርሻና ለእንጨት እየተመነጠረ ሄደ፤ መሳፍንትና ሹማምንት ለጨዋታ ሲሉ በአንድ ጉዞ ብዙ ታይገሮች ይገድሉ ነበር፤ በመኪና መብራት እያፈዘዙ በሌሊት መግደልም ተለመደ። በዚህ ሁኔታ ከቀጠለ ታይገር ከምድረ ሕንድ መጥፋቱ የማይቀር መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ በጽሑፍና በንግግር ሕዝቡን መቀስቀስ ጀመረ። በተለይም ወደ ትምህርት ቤቶች እየሄደ ለሕፃናት ስለ ደንና ስለ ዱር አራዊት ያስተምር ነበር። በልጅነቱ የለመደውን የወፎችንና የአራዊትን ድምፅ የማስመሰል ችሎታ ለዚሁ ትምህርት ተጠቀመበት። ወደ አዋቂዎች ብቻ ሳይሆን ወደ ልጆች መሄዱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጠመንጃ የያዘውን ሰው ልማድ ማስጣል ከባድ ነው፤ ጠመንጃ ያልያዘው ልጅ ግን ገና ሳያነሳው ሊያስብ ይችላል።

ከብዙ ጥረት በኋላ በ1936 በኩማኦን ግርጌ 325 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ደን ተከልሎ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ይህ ፓርክ በሕንድ የመጀመሪያው ሲሆን፣ ኮርቤትም ድንበሩን በመምረጥና በማስወሰን ረገድ ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። መጀመሪያ የተሰየመው በአንድ የአገረ ገዢ ስም ነበር።

ኮርቤት ለአራዊት ሲቆረቆር ለገበሬዎች የነበረውን ሐሳብ አልዘነጋም። በካላዱንጊ አጠገብ በእርሱ ይዞታ ሥር በነበረችው መንደር ዙሪያ የድንጋይ አጥር አሠርቶ፣ የዱር አሳማና አጋዘን ሰብል እንዳያጠፉ አድርጓል። ሰብሉ የተበላበት ገበሬ አውሬን ሊወድ እንደማይችል ያውቅ ነበርና። ሕንድ በ1947 ነጻነቷን ባገኘችበት ዓመት ከእኅቱ ከማጊ ጋር ወደ ኬንያ ሲሄድ፣ መሬቱን ሲያርሱለት ለኖሩት ገበሬዎች ተወላቸው።

በኬንያ ንዬሪ በተባለች ከተማ ተቀምጦ መጻሕፍት እየጻፈና የአፍሪካን አራዊት ፎቶግራፍ እያነሳ ኖረ። በ1944 የታተመው ስለ ኩማኦን ሰው በላ አራዊት የጻፈው መጽሐፍ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በዓለም ተነበበ። ጂም ኮርቤት ትዳር ሳይመሠርት ኖሮ፣ በ79 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1955 በንዬሪ ሞተ፤ በዚያም ተቀበረ።

ከሞተ በኋላ ያቋቋመው ፓርክ በእርሱ ስም ተጠራ። ነገር ግን የፈራው ነገር እየደረሰ ነበር። በ1972 በሕንድ በተደረገው ቆጠራ የተገኙት ታይገሮች 1,827 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት የዱር አራዊት ጥበቃ ሕግ ወጣ፤ በ1973ም መንግሥት ታይገርን ከጥፋት ለማዳን ያቀደውን ታላቅ ፕሮግራም በኮርቤት ፓርክ ውስጥ መርቆ ጀመረ። የቆጠራው ዘዴ እንደ ድሮው ባይሆንም፣ በ2022 በተደረገው ጥናት በሕንድ የሚኖሩት ታይገሮች 3,682 ያህል መሆናቸው ተገምቷል። አደጋው ግን ፈጽሞ አልተወገደም። ደንና መንደር በሚጎራበቱበት ሥፍራ ሰው በታይገር፣ ታይገርም በሰው እጅ ዛሬም ይሞታል።

ኮርቤት የሰውን ሥቃይ ከማንም በላይ በቅርብ ያየ፣ የሟቾችን ደም ዱካ የተከተለ ሰው ነው። አራዊትን ለመጥላት ምክንያት የሚያጣ አልነበረም። እርሱ ግን ገዳዩን ከመግደል አልፎ ለምን ገዳይ እንደ ሆነ ጠየቀ። የጥያቄውም መልስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰው ሥራ መለሰው። እንግዲህ ስለ አንድ አውሬ ክፉ ወሬ በሰማን ጊዜ፣ ድንጋይና ጦር ከማንሳታችን በፊት የተሰበረውን ጥርስ መፈለግ ከኮርቤት ሕይወት የምናገኘው ትምህርት ነው።