ሙቀትን በቁጥር የያዘው ሰው

በአንድ የፋሲካ ዋዜማ ሰፈራችን የገጠመውን ላውጋችሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የየቤቱ ምጣድ ተጥዷል፣ ዶሮው ስቶቭ ላይ ነው፣ ቴሌቪዥኑም አምፖሉም በርቷል። ድንገት ከመንገዱ ማዶ ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማና መብራት ድርግም አለ። ትራንስፎርመሩ ነበር። እናቴ ሊጧን ተሸክማ የእንጨት ምድጃ ያላቸው ጎረቤት ዘንድ ሄደች፤ በዓሉም በሻማ አለፈ።

ሰው ሁሉ ፈነዳ ይላል እንጂ ለምን እንደፈነዳ የሚጠይቅ የለም። እኔን ግን ጥያቄው አልለቀኝ አለና ሳገላብጥ ሳገላብጥ አንድ ሰው ላይ ደረስኩ። ስሙ ቻርለስ ፕሮቲየስ ስታይንሜትዝ ይባላል።

ስታይንሜትዝ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1865 ያኔ የፕሩሲያ፣ ዛሬ ግን የፖላንድ በሆነችው በብሬስላው ከተማ ነው። እናቱ የሞተችው ገና በሕፃንነቱ ነው። ጀርባው የጎበጠ፣ ቁመቱም አራት ጫማ ገደማ ነበር፤ አባቱና አያቱም ጎባጣ ነበሩ። ሂሳብ ላይ ግን የሚስተካከለው አልተገኘም። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ሶሻሊስት ሆነና የሶሻሊስት ጋዜጣ ማዘጋጀት ጀመረ። ለካስ የሙያ ባልደረባችንም ኖሯል! ጊዜው የቢስማርክ መንግሥት ሶሻሊስቶችን የሚያሳድድበት ስለነበር፣ በ1888 ዶክትሬቱን ሳይጨብጥ ወደ ዙሪክ ሸሸ።

በማግሥቱ ዓመት ከጓደኛው ጋር መርከብ ተሳፍሮ ኒውዮርክ ደረሰ። እንደሚነገረው ከሆነ የወደቡ ሹሞች ጎባጣ መሆኑን፣ ገንዘብ የሌለው መሆኑንና እንግሊዝኛ አለመቻሉን አይተው ሊመልሱት ነበር። ያዳነው ያ አብሮት የመጣው ጓደኛው ነው፤ እኔ አለሁለት ብሎ ተከራከረለት። እስቲ አስቡት፣ በዚያን ቀን ቢመልሱት ኖሮ ምን ይቀር እንደነበር።

ሥራ የሰጠው ሩዶልፍ አይክማየር የሚባል፣ እሱም ከጀርመን የተሰደደ የፋብሪካ ባለቤት ነው። በዚያ ዘመን ሞተርና ትራንስፎርመር የሚሠሩ ሰዎች ብረቱ ምን ያህል እንደሚሞቅ የሚያውቁት ከሠሩት በኋላ ነበር። ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የብረቱን መግነጢስ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይገለብጠዋል፤ ብረቱ ሲገለባበጥ ይሞቃል፣ ኃይሉም ይባክናል። ስታይንሜትዝ ብዙ ልኬቶችን አገናዝቦ በ1892 ይህን ብክነት በሂሳብ ቀመር አስቀመጠው። በቀመሩ መሠረት የመግነጢሱ ጥግግት እጥፍ ሲሆን ብክነቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከዚህ በኋላ መሐንዲሱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ሙቀቱን ማስላት ቻለ።

ብዙም ሳይቆይ ጄኔራል ኤሌክትሪክ የአይክማየርን ድርጅት ገዛና ስታይንሜትዝም አብሮ ሄደ። ስኬኔክታዲ ከተማ ሰፍሮ ሠራ፣ በዩኒየን ኮሌጅም አስተማረ። ለኛ ጉዳይ ዋናው ግን የ1913ቱ ሥራው ነው። ቤንጃሚን ላም ከሚባለው የተፎካካሪው የዌስቲንግሃውስ መሐንዲስ ጋር ሆኖ ስለ ሙቀትና ስለ ኤሌክትሪክ መከለያ ጻፈ። መከለያዎችን በየዓይነታቸው መድበው ለእያንዳንዱ የሙቀት ጣሪያ አበጁለት፤ ወረቀትና ጥጥ ዝቅ ያለውን፣ ሚካ ከፍ ያለውን።

የሰፈራችንም ነገር እዚሁ ላይ ነው። የብረቱ ሙቀት ጭነት ኖረም አልኖረም ብዙ አይለዋወጥም። የመዳቡ ጥቅል ግን በውስጡ የሚያልፈው ከረንት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ዘይቱ ቶሎ ስለማይሞቅ ለጥቂት ጊዜ ይችላል። ጭነቱ ለሰዓታት ሲቆይ ግን በጥቅሉ ላይ ያለው ወረቀት ይደርቃል፣ ይሰባበራል። አንዴ ያረጀ ወረቀት ደግሞ ሲቀዘቅዝ አይታደስም። ትራንስፎርመር እንግዲህ በአንድ ማታ ብቻ አይሞትም፤ የየበዓሉን ጫና ሲያጠራቅም ይቆያል።

ስታይንሜትዝ አላገባም። ረዳቱን እንደ ልጁ ተቀብሎ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር አንድ ቤት ኖረ፤ ለልጆቹም አያት ሆነላቸው። የከተማዋን የትምህርት ቦርድም መርቷል። ያረፈው በጥቅምት 1923፣ በ58 ዓመቱ ነው።

ከወደብ ሊመለስ የነበረው ሰው ለዓለም ያስተማረው የአቅምን ልክ ከመሰበር በፊት ማወቅን ነው። ይህ ለመብራት ሠራተኛ ብቻ አይደለም። በየቀጠናው ያለው ጭነት ቢለካ፣ ቤት ሲበዛ ትራንስፎርመር ቢጨመር፣ እኛም ምጣዳችንን በተራ ብንጥድ ያ ዋዜማ በሻማ ባላለፈ ነበር። እናቴ ከዚያ ወዲህ ለዓመት በዓል እንጀራ የምትጋግረው ሁለት ቀን አስቀድማ ነው። ስታይንሜትዝን አታውቀውም፤ ትምህርቱ ግን ገብቷታል።