ከትንሽ ሞተር ትልቅ ጉልበት ያወጡት መሐንዲስ፦ ዋልተር ካደን

የሞተር ብስክሌት ውድድር ታሪክ ሲወሳ የሚቀድመው የአሸናፊው ተወዳዳሪ ስም ነው፤ ሞተሩን የሠራው መሐንዲስ ስም ከፋብሪካው ግቢ እምብዛም አይወጣም። ምሥራቅ ጀርመናዊው ዋልተር ካደን ከዚህ ልማድ ውጪ ከሆኑ ጥቂት ባለሙያዎች አንዱ ናቸው። እኚህ መሐንዲስ በአንዲት አነስተኛ የኢንዱስትሪ ከተማ፣ በውሱን አቅም እየሠሩ፣ ይዘቱ ሁለት የቡና ሲኒ ከማይሞላ ሲሊንደር 25 የፈረስ ጉልበት ለማውጣት በቅተዋል። ያዳበሩት ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 2001 የዓለምን ከፍተኛ የሞተር ብስክሌት ሻምፒዮና በተከታታይ ለያዙት ሞተሮች መሠረት ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካደን በሴፕቴምበር 1 ቀን 1919 በጀርመን ሳክሶኒ ግዛት፣ ፖበርሻው በተባለች ተራራማ መንደር ተወለዱ። አባታቸው በአቅራቢያዋ በምትገኘው በቾፓው ከተማ የዴካቬ ሞተር ብስክሌት ፋብሪካ የሽያጭ ኃላፊ ሾፌር ነበሩ። በ1927 የኑርቡርግሪንግ የእሽቅድምድም ጎዳና ሲመረቅ ካደን በሕፃንነታቸው በሥፍራው ተገኝተው እንደነበርና የሞተር ፍቅር ያደረባቸውም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ ይነገራል። ትምህርታቸውን በከምኒትስ የቴክኒክ ተቋም ተከታተሉ።

በ1940፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በበርሊን አቅራቢያ በሚገኘው የሄንሽል የአውሮፕላን ፋብሪካ ተቀጠሩ። የሥራ ድርሻቸውም በሄርበርት ቫግነር መሪነት በራዲዮ የሚመራ ተወንጫፊ ቦምብ ይሠራ በነበረው ቡድን ውስጥ ነበር። በርካታ ጸሐፊዎች ካደንን ከታዋቂው ቪ-1 ተወንጫፊ ጋር በማያያዝ የኋላ ግኝታቸውን ከዚያ የመነጨ አድርገው ያቀርባሉ። ይህ ታሪክ ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም የሄንሽሉ ሥራ ከቪ-1 የተለየ ፕሮጀክት ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ በአሜሪካ ጦር ቁጥጥር ሥር ቆይተው ወደ ቾፓው ተመለሱ፤ በቦምብ ለፈራረሱ ቤቶች የጣሪያ እንጨት እያዘጋጁ መሸጥም ጀመሩ። ከዚሁ ሥራ ጎን ለጎን በአንድ አሮጌ ዴካቬ 125 ሲሲ ላይ ተመሥርተው የራሳቸውን የውድድር ሞተር ብስክሌት ሠርተው በአካባቢው ውድድሮች ይሳተፉ ነበር።

የቾፓው ፋብሪካ ከጦርነቱ በኋላ በመንግሥት ይዞታ ሥር ገብቶ ኢፋ በተባለው የተሽከርካሪ አምራቾች ድርጅት ተጠቃለለ። ይህ ስም በኢትዮጵያም በጭነት መኪኖቹ ምክንያት ለብዙዎች አዲስ አይደለም። ፋብሪካው ካደንን የውድድር ክፍሉ ኃላፊ አድርጎ የሾማቸው በ1953 ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ መጠሪያው ኤም ዜድ ሆነ።

ካደን የተረከቡት ሥራ በጊዜው ብዙ ተስፋ የሚጣልበት አልነበረም። ባለ አራት ምት ሞተር ነዳጅ አንድ ጊዜ ለማቃጠል ሁለት ዙር መዞር ሲኖርበት ባለ ሁለት ምቱ በእያንዳንዱ ዙር ያቃጥላል። በስሌት ብቻ ቢታይ ጉልበቱ እጥፍ ሊሆን በተገባ ነበር፤ በተግባር ግን እንዲያ አልሆነም። በተለመደው ባለ ሁለት ምት ሞተር ቫልቭ የለም፤ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉትን መስኮቶች የሚከፍተውና የሚዘጋው ከፍ ዝቅ የሚለው ፒስተን ራሱ ነው። የተቃጠለው ጋዝ በአንዱ መስኮት ሲወጣ አዲሱ የነዳጅና የአየር ድብልቅ በሌላው ስለሚገባ ከአዲሱ ድብልቅ ከፊሉ ሳይቃጠል ከጢሱ ጋር ያመልጣል። ከጦርነቱ በፊት ዴካቬ ድብልቁን በኃይል የሚገፋ መሣሪያ ገጥሞ ታላላቅ ውድድሮችን አሸንፎ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን መሣሪያው በውድድር ደንብ ተከለከለ። ባለ ሁለት ምት ሞተርም ርካሽና ጢሳም የመጓጓዣ ሞተር ተደርጎ ይታይ ጀመር።

ካደን መልሱን የፈለጉት ብዙዎች የድምፅ መቀነሻ ብቻ አድርገው በሚያዩት በማርሚታው ውስጥ ነው። የጢስ መውጫው መስኮት በተከፈተ ቁጥር በቱቦው ውስጥ የግፊት ሞገድ ይነሳል። ሞገዱ ቱቦው እየሰፋ ወደሚሄድበት ክፍል ሲደርስ የመሳብ ሞገድ ወደ ኋላ ይመለስና የተቃጠለውን ጋዝ ጠርጎ አዲሱን ድብልቅ ይስባል። ቱቦው እየጠበበ ወደሚሄድበት ክፍል ሲደርስ ደግሞ የመግፋት ሞገድ ይመለሳል፤ ይህም አምልጦ የወጣውን ድብልቅ መስኮቱ ከመዘጋቱ በፊት ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ያስገባዋል። ደንቡ የከለከለውን የመግፊያ መሣሪያ ሥራ አንድ ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ባዶ ቆርቆሮ ሠራው ማለት ነው።

ይህን መሰል ቱቦ መጀመሪያ ያሰቡት ካደን አይደሉም። በምዕራብ ጀርመን በተቋቋመው አዲሱ ዴካቬ መሐንዲሱ ኤሪክ ቮልፍ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በውድድር ሞተሮቹ ላይ ገጥሞት ነበር። የካደን ድርሻ ጉዳዩን ከግምት ወደ ልኬት ማሸጋገር ነው። ኦሲሎስኮፕ በተባለው መሣሪያ አማካይነት በቱቦው ውስጥ የሚመላለሰውን ሞገድ በመከታተል የእያንዳንዱን ክፍል ርዝመትና ስፋት ሞተሩ ከሚዞርበት ፍጥነት ጋር አስማሙ። ሥራው ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ለመረዳት በደቂቃ 10 ሺህ 800 ዙር የሚዞር ሞተር አንዱን ዙር የሚጨርሰው አንድ ሰከንድ ለሺህ ቢከፈል ከስድስት እጅ ባነሰ ጊዜ መሆኑን ማሰብ ይበቃል። ቱቦው ጥቂት ቢረዝም ወይም ቢያጥር ሞገዱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይደርሳል። ዘዴው ዋጋም ያስከፍላል። ጉልበቱ የሚገኘው በጠባብ የፍጥነት ክልል ውስጥ ብቻ ስለሆነ ተወዳዳሪው ያለማቋረጥ ማርሽ እየቀያየረ ሞተሩን በዚያ ክልል ማቆየት ይኖርበታል።

በሞተሩ መግቢያ በኩል ደግሞ ዳንኤል ዚመርማን የተባለው የአገራቸው ባለሙያ የተጠቀመበትን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚዞር ስስ የብረት ዲስክ ወሰዱ። ዲስኩ መግቢያው የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ጊዜ ከፒስተኑ እንቅስቃሴ ነፃ እንዲሆን አስቻለ። ከጢስ መውጫው ትይዩ የከፈቱት ሦስተኛ የድብልቅ ማስተላለፊያም ሲሊንደሩ በተሻለ እንዲሞላ ከማድረጉም በላይ በሙቀት የሚሰቃየውን የፒስተን ክፍል አቀዘቀዘ። በ1954 13 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያወጣ የነበረው 125 ሲሲ ሞተር በ1961 ወደ 25 አደገ፤ በአንድ ሊትር ሲሰላ 200 የፈረስ ጉልበት ይሆናል። በግፊት መሣሪያ ሳይታገዝ ይህን መጠን የደረሰ የመጀመሪያው ሞተር እንደሆነም ይነገርለታል።

ውጤቱ በውድድር ሜዳም ታየ። በ1958 ሆርስት ፊውግነር በስዊድን በ250 ሲሲ ሲያሸንፍ ኤም ዜድ የመጀመሪያውን የግራንድ ፕሪ ድል አገኘ። በ1961 ደግሞ ኤርንስት ዴግነር በሆክንሃይም፣ በዛክሰንሪንግና በሞንዛ አሸንፎ በ125 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮናውን መምራት ጀመረ። ዴግነር የሚጋልብ ብቻ ሳይሆን በምሕንድስና የሠለጠነ፣ በሙከራ ሥራው ከካደን ጎን የሚሰለፍ ሰው ነበር። በመሆኑም የሞተሩን ምሥጢር ከቱቦው ልክ እስከ መስኮቶቹ ቅርጽ ጠንቅቆ ያውቃል።

በዚያው ዓመት ኦገስት 13 ቀን የበርሊን ግንብ መገንባት ተጀመረ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን፣ በስዊድን ክሪስቲያንስታድ በተካሄደው ውድድር የዴግነር ሞተር መንገድ ላይ ተበላሸ። ዴግነር ወደ ቡድኑ አልተመለሰም፤ በዴንማርክ በኩል ወደ ምዕራብ ጀርመን ተሻገረ። ባለቤቱና ሁለት ልጆቹም በዚያው ሰሞን በመኪና የዕቃ መጫኛ ውስጥ ተደብቀው ድንበሩን አለፉ። ኤም ዜድ በእጁ ሊገባ የተቃረበውን የዓለም ዋንጫ አጣ፤ ሻምፒዮን የሆነው የሆንዳው ቶም ፊሊስ ነው።

የዋንጫው ጉዳይ የአንድ ዓመት ጉዳይ ነበር፤ ከዚያ የከፋው የእውቀቱ መሄድ ነው። ዴግነር ወደ ጃፓን ሃማማትሱ ከተማ ተጉዞ ከሱዙኪ መሐንዲሶች ጋር ክረምቱን በሥራ አሳለፈ። በ1961 በውድድር ሜዳ እዚህ ግባ የሚባል ውጤት ያልነበረው ሱዙኪ በ1962 በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ጋላቢው ዴግነር ራሱ ነበር፤ በባለ ሁለት ምት ሞተር የዓለም ዋንጫ ሲገኝም የመጀመሪያው ነበር። ካደን በስምንት ዓመት ልፋት ያካበቱት ልምድ ከፋብሪካው የወጣው በአንድ ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ለዚህ መንገድ ደግሞ የድንበር ግንብም ሆነ የመዝገብ ቤት ቁልፍ ብዙ አይፈይድም።

ካደን በቾፓው ቀሩ። ከግንቡ በኋላ የምሥራቅ ጀርመን ዜጎች ወደ ምዕራብ አገሮች የሚያደርጉት ጉዞ ስለተወሳሰበ ፋብሪካው አልፎ አልፎ ለውጭ አገር ተወዳዳሪዎች ሞተሮቹን ይሰጥ ጀመር። በ1963 እንግሊዛዊው ማይክ ሄይልውድ በዛክሰንሪንግ በኤም ዜድ 250 ሲሲ አሸንፏል። በ1964 ደግሞ አለን ሼፐርድ በአሜሪካ ግራንድ ፕሪ ድል አድርጓል። የጃፓን ፋብሪካዎች ግን በገንዘብ፣ በብረት ጥራትና በሰው ኃይል እየራቁ ሄዱ። የኤም ዜድ የመጨረሻው የግራንድ ፕሪ ድል በ1971 ጣሊያናዊው ሲልቪዮ ግራሴቲ በቤልጂየም ያስመዘገበው ነው። ካደን የሠሯቸው ሞተሮች በጠቅላላው 13 የግራንድ ፕሪ ድሎችን አስገኝተዋል። ይህን የመሰለ ቁጥር ለግዙፎቹ ኩባንያዎች የአንድ ወቅት ገቢ ነው።

ዋልተር ካደን ማርች 3 ቀን 1996 በ76 ዓመታቸው አረፉ። በዚያ ዓመት በ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈው የሆንዳ ሞተር ባለ ሁለት ምት ሲሆን፣ በአራቱም ማርሚታዎቹ ላይ እየሰፋ ሄዶ ተመልሶ የሚጠብበው ቅርጽ ይታይ ነበር። ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ከግራንድ ፕሪ ውድድር ሙሉ በሙሉ የተሰናበቱት የ2011 የ125 ሲሲ ውድድር ሲጠናቀቅ ነው።