ከየካ ግርጌ እስከ ባዶው በረሃ፤ የዊልፍሬድ ቴሲጀር ሕይወት

በእንጦጦ ተራሮች ምሥራቃዊ ግርጌ፣ በየካ፣ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን፣ በኋላም ኤምባሲ የሆነ ሰፊ ግቢ አለ። በግቢው ውስጥ ከጊዜ በኋላ አነስተኛ የጎልፍ ሜዳ ተሠርቷል፤ ሣሩን የሚያለመልመው ከተራራው ላይ የሚወርደው የክረምት ዝናብ ነው። በዚሁ ግቢ፣ ሣር በተከደነ የጭቃ ቤት ውስጥ፣ ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. አንድ ሕፃን ተወለደ፤ ይኸውም በዘመኑ ከታወቁት የበረሃ ተጓዦች ቀዳሚ ለመሆን የበቃው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። በየካ ዝናብ በነፃ የሚያበቅለውን ሣር በዓረብ በረሃ ያበቀለው ምሕንድስና ነው። ይህም ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከምሕንድስና ሥራ ጋር ሲሟገት ስለ ኖረ፣ ታሪኩ ለሙያው ሰዎች ልዩ ትምህርት አለው።

አባቱ ሻምበል ዊልፍሬድ ጊልበርት ቴሲጀር በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሚኒስትር ነበሩ። በ1909 ዓ.ም. መጀመሪያ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱና አገሩ ሲታወክ፣ ራስ ተፈሪ ሕፃኑን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን በሌጋሲዮኑ እንዲጠለል ላኩ። ጥቅምት 17 ቀን የሰገሌ ጦርነት ተደርጎ ድሉ ከታወቀ በኋላ፣ የስድስት ዓመቱ ዊልፍሬድ በጃን ሜዳ የተደረገውን የድል ሰልፍ ተመለከተ። የሠራዊቱ ፉከራና በሰንሰለት ታስረው ያለፉት የንጉሥ ሚካኤል ሁኔታ እስከ ዕለተ ሞቱ ከልቡ አልጠፋም።

ወደ እንግሊዝ ተመልሶ በኢተንና በኦክስፎርድ ተማረ። ይሁን እንጂ ልቡ የቀረው በኢትዮጵያ ነበርና፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ በንጉሠ ነገሥቱ ግብዣ ተገኘ። በዓሉ እንዳበቃም ወደ አፋር ምድር ወርዶ አንድ ጥያቄ ይዞ ተመለሰ፤ የአዋሽ ወንዝ ወደ ባሕር ሳይደርስ የሚቀረው እንዴት ነው የሚል።

በ1926 ዓ.ም. መልሱን በእግሩ አገኘው። ከእንጦጦ የሚወርዱት ቀበናና አቃቂ የሚገቡት ወደ አዋሽ ነው፤ ስለዚህ በተራራው ግርጌ የተወለደው ልጅ የሰፈሩን ውኃ ተከትሎ እስከ መጨረሻው ሄደ ማለት ይቻላል። ሙንዚንገር በ1868 ዓ.ም. ከነሠራዊቱ ባለቀበት በአውሳ ምድር፣ ከሱልጣን መሐመድ ያዮ ፈቃድ አግኝቶ አለፈ፤ ወንዙም በአቤ ሐይቅ ተጠራቅሞ በፀሐይ ሙቀት ተንኖ እንደሚቀር አረጋገጠ። ያን ጊዜ ዕድሜው 23 ዓመት ነበር። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ሲሠራ የዚያው ወንዝ ውኃ ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል ተለወጠ።

ከዚያ በኋላ በሱዳን አስተዳደር አገልግሎ፣ በ1933 ዓ.ም. በዊንጌት ጦር ውስጥ ሆኖ ለኢትዮጵያ ነፃነት ተዋጋ፤ የአጊባርን ምሽግ በማስለቀቁም ኒሻን ተሸለመ። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲቃረብ በአዲስ አበባ ከአንበጣ መከላከያ ባለሙያዎች ጋር ተገናኘና የአንበጣ መራቢያ ቦታዎችን እንዲያጠና ወደ ዓረብ ምድር ተላከ። ሥራው ምክንያት እንጂ ዓላማው አልነበረም፤ ልቡን የሳበው ሩብ አል ኻሊ፣ ማለትም ባዶው ሩብ የሚባለው፣ 650,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍነው የአሸዋ ባሕር ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1950 በበረሃው ሲመላለስ ሁለት ጊዜ አቋረጠው። ቢን ካቢናና ቢን ጋባይሻ የሚባሉ ሁለት ወጣት በደዊዎች አጃቢዎቹ ነበሩ። ውኃው በፍየል ቆዳ አቁማዳ የሚያዝ ነው፤ ከጉድጓድ እስከ ጉድጓድ ብዙ ቀን ስለሚያስኬድ በጥቂት በጥቂቱ ይታደላል፤ እንግዳ ከመጣ ግን የተራበውና የተጠማው ሁሉ ድርሻውን ለእርሱ ይለቃል። ቴሲጀር የዚህ ሕዝብ ክብር የተገኘው ከኑሮው ጭካኔ ነው ብሎ አመነ። መኪናና አውሮፕላን ይህን ክብር እንደሚያጠፉ ስለተሰማው ሞተርን አጥብቆ ጠላ። ይሁንና ራሱ የነደፈው ካርታ ነዳጅ ፈላጊዎችን እንደሚጠቅም ያውቅ ነበር፤ ኀዘኑም በ1959 ባሳተመው በታዋቂው መጽሐፉ ውስጥ ይታያል።

የፈራው አልቀረም። አቡ ዳቢ ከ1962 ጀምሮ ነዳጅ ለውጭ ገበያ አቀረበች። በ1977 ተመልሶ ባያት ጊዜ ዕንቁ ጠላቂዎችና ዓሣ አጥማጆች ይኖሩባት የነበረችው ትንሽ ከተማ በፎቅና በአስፋልት ተሸፍና አገኛት፤ አዝኖና ተቆጥቶም ሄደ።

የዚህ ለውጥ ጉልህ ምሳሌ የጎልፍ ሜዳ ነው። ጎልፍ በዝናባማው የስኮትላንድ ባሕር ዳር የተወለደ ጨዋታ ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው የመጡት የውጭ አገር ሰዎች መጀመሪያ የተጫወቱት በአሸዋ ላይ ነበር፤ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው አሸዋ በዘይት ይጠጥራል፣ ተጫዋቹም ቁራጭ ሰው ሠራሽ ሣር ተሸክሞ እየዞረ ኳሱን በዚያ ላይ አስቀምጦ ይመታል። በ1988 የኤምሬትስ ጎልፍ ክለብ በዱባይ ሙሉ በሙሉ ሣር የለበሰና 18 ጉድጓድ ያለው ሜዳ ከፈተ። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ስታገኝ ዱባይ የምታገኘው 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጉድለቱን የሚሞላው ጨው የወጣለት የባሕር ውኃ ነው። በዛሬው የማጣሪያ ዘዴ አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውኃ ለማጥራት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ያስፈልጋል። ከዚያም ፓምፑ፣ ቧንቧውና መርጫው፣ ጨው ከሣሩ ሥር እንዳይከማች የሚያጥበው ትርፍ ውኃና የፍሳሽ መውረጃው ይከተላሉ። ተጫዋቹ አራት ሰዓት ያህል በለምለም ሣር ላይ ይዞራል፤ ከሜዳው ዳር ቢወጣ ግን እግሩ የሚያርፈው በአሸዋ ላይ ነው።

ቴሲጀር በ1990 እንደገና ወደ አቡ ዳቢ ሄደ። ዕድሜው 80 ሊሞላ ነበር፤ በዚህ ጊዜ አልተቆጣም። ያ ደረቅ ምድር በዛፍ ረድፍና በለምለም ሣር ለኑሮ መመቸቱን አምኖ፣ ለውጡ የማይቀር እንደ ነበር ተቀበለ። የበረሃው ሰዎች ጥም ለእርሱ ራሱ የመረጠው ፈተና ሲሆን፣ ለእነርሱ ግን ልጆቻቸውን የሚቀብሩበት ምክንያት እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም።

ረጅም ዘመን በሰሜን ኬንያ ከኖረ በኋላ ነሐሴ 18 ቀን 1995 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዐረፈ። በጉዞው ያነሣቸው በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ፎቶግራፎች በኦክስፎርድ በፒት ሪቨርስ ቤተ መዘክር ይገኛሉ።

የቴሲጀር ቁጣ ሁሉ ትክክል አልነበረም፤ ከንቱም አልነበረም። ሣር በበረሃ ማብቀል እንደሚቻል ምሕንድስና አሳይቷል፤ ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ በምን ኃይል እንደሚገፋ፣ መጀመሪያ ማን እንደሚጠጣው መጠየቅ ግን የዚያው የሙያው ግዴታ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ውኃም በአፋር ምድር የሚጠብቁት ሰዎችና ከብቶች አሉት፤ በላይኛው ተፋሰስ የሚቀየስ ቦይ ሁሉ እነዚህን በሒሳቡ ውስጥ ሊያስገባ ይገባዋል።