ቀድሞ የበረረው አይሮፕላን

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለውን አገር ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚያልፍ የመንገደኛ አይሮፕላን ያሠራው ስመ ጥሩ መሐንዲስ አንድሬይ ቱፖሌቭ ነው። በ1881 ዓ. ም. በሩሲያ ተወለደ። በ1930 ዓ. ም. በስታሊን ዘመን ያለ በደሉ ታስሮ፥ በእስር ሳለም የጦር አይሮፕላን ንድፍ ያወጣ ነበር። ከተፈታ በኋላ በሥራው ገፋ፤ በእርጅናውም ልጁ አሌክሴይ የመራው፥ ከድምፅ የሚፈጥነው ቱ-144 በ1961 ዓ. ም. ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ኮንኮርድ ቀድሞ በረረ።

ቱፖሌቭ በ1965 ዓ. ም. ዐረፈ። በዚያው ዓመት አንዱ ቱ-144 በፓሪስ ትርኢት ላይ ተከሰከሰ። በ1970 ዓ. ም. መንገደኛ ማመላለስ ቢጀምርም ከ55 ጉዞ በኋላ በዚያው ዓመት ተቋረጠ። ኮንኮርድም ወጪው ስለ በዛ በ1996 ዓ. ም. ተሰናበተ። እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ሥራን የሚያጸናው መቅደም ብቻ እንዳይደለ ከዚህ እንረዳለን።